አንድ ጎኗ ብቻ ያበራው የሰርጌ መኪና

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር፣ መርሳ ላይ በተሞሸርኩበት ዕለት ነው። የሰርግ መኪና ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ላጫውታችሁ።

አባቴ በሾፌርነት ነው ያሳደገን። ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ቀይ የቤት መኪና ገዛ። "ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በእኔ መኪና ነው" ብሎ ቆረጠ። ችግሩ፣ ፀሐይ ቀለሟን ጨርሶት ቀይ መሆኗን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። አመድ የነሰነሱባት ትመስላለች።

ወልድያ ጋራዥ ያለው ወዳጁ የፖሊሽ ማሽን አዋሰው። ማሽኑ የደረሰው ግን በሰርጉ ዕለት ማለዳ ነው። አባቴ ፖሊሹን እየቀባ በማሽኑ ሲያሸው ቀዩ ብቅ እያለ፣ በሩ ላይ ፊታችን መታየት ጀመረ። እናቴ እልል አለች።

አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲዞር መብራት ጠፋ።

ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። አባቴ ማሽኑን አስቀምጦ ጨርቅ አነሳና በእጁ ማሸት ያዘ። የሚለቀው ቀለም ጨርቁን አቀላው፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል። በመስኮት ሳየው አንጀቴን በላው።

"ተወው አባዬ፣ ሌላ መኪና አለ" አልኩት።

"እሱማ አለ" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ከወልድያ ሲደርስ፣ ጓደኞቼ እንደ ወጉ በሩን ዘጉባቸው። ሚዜዎቹ ሽቶ አወጡ።

"ሽቶ አንፈልግም" አለች ጓደኛዬ ዘሃራ። "መግባት የፈለገ ኮቱን አውልቆ መኪና ይወልውል።"

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በበሩ ክፍተት አባቴን ሲያዩት ግን፣ አንደኛ ሚዜው ኮቱን አወለቀና ገባ።

"አባባ፣ ጨርቁን ለእኔ ይስጡኝ። እርስዎ ሄደው ይልበሱ።"

ሌሎቹም ተከተሉት። ሙሽራው ሳይቀር እጅጌውን ሰበሰበ። ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ይዘፍናሉ፤ እነሱ በምቱ ያሻሉ። በእጅ የታሸው ጎን እንደ ሌላው አላበራም፤ ዝንጉርጉር ሆኖ ቀረ። ቢሆንም ቀላ።

አባቴ ሱፉን ለብሶ መሪውን ጨበጠ። ከግቢ ስንወጣ መብራት መጣ። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

የሰርጌን ፎቶ ያየ ሁሉ የሚዜዎቹ ነጭ ሸሚዝ ለምን ቀይ እንደነካው ይጠይቀኛል። መናገሩ ሰልችቶኝ አያውቅም። አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።