የጋሼ ሽቦ

«ሽቦ ነው ብዬ ለቆራሌው ሰጠሁት፤ አታካብጂ» አለችኝ አክስቴ ፊት ለፊት።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ከሞቱ አርባቸው እንኳ አልወጣም። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ የአንድ ፕሮቲን ቅርፅ ሥራውን እንዴት እንደሚወስን ሲመራመሩ ኖሩ። ከኮተቤ ታክሲ ስንሳፈር እንኳ ከኪሳቸው ሽቦ አውጥተው ያጣጥፋሉ።

«ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው» እላቸዋለሁ።

«ይየን! ፕሮቲንም ሥራ የሚሠራው እንዲህ ተጣጥፎ ነው። ቅርፁ ከፈረሰ እንደ አንቺ ሥራ ፈት ይሆናል» ይሉኛል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስለተቀመጥኩ ነው።

አክስቴ የሰጠችው ያንን ፕሮቲን አስመስለው የሠሩትን፣ ጠረጴዛቸው ላይ ዓመታት የኖረውን ትልቁን ሽቦ ነው። ሮጬ ቆራሌውን ሲግናል ሰፈር ደረስኩበት።

«እህቴ፣ ማዳበሪያው ውስጥ አልገባ ሲለኝ ረገጥኩት» ብሎ አወጣልኝ።

ሽቦው አልጎደለም፤ ቅርፁ ግን የለም። አንዱን እጥፋት ስመልስ የሌላው ቦታ ይጠፋብኛል። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ምናለ ያኔ ሰው አየን ከምል አንዴ «እስቲ ያሳዩኝ» ብያቸው ቢሆን!

ይዤው ተመለስኩ። አክስቴ «ነይ ምሳ ብዪ» አለችኝ። ሽቦውን ባዶው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።