ቻይና መስመር

ከብስራተ ገብርኤል ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀይ የወረቀት ፋኖስ ያንጠለጠለ የቻይኖች ምግብ ቤት ከተከፈተ ወዲህ፣ ማታ ማታ በዚያ ሳልፍ የጋለ ዘይትና የሊጥ ሽታ ይቀበለኛል። ልጆቼ ቆም ስል የራበኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምቆመው ንዴት ይዞኝ ነው። እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ የመሰለ ሊጥ የሚጠብስ ሰው እኛም ነበረን።

ስሙ ተሰማ ነበር፤ በስሙ የምትጠራው ግን ሚስቱ እትዬ ዘነቡ ብቻ ነበረች። ሰፈራችን ስም ማውጣት ይችልበታል። ኮርያ የዘመተውን «ኮርያ»፣ አሰብ ወደብ ሠርቶ የመጣውን «አሰብ» ይል ነበርና፣ ጋሽ ተሰማም የወልድያን መንገድ ለሚሠሩ ቻይኖች ማድ ቤት ሲላላክ ከርሞ ሲመለስ፣ ጓዙን እንኳ ሳያወርድ «ቻይና» ሆነ። እሱም ስሙን ወደደው። «ቻይና!» ሲሉት፣ የያዘውን ሳይለቅ፣ መጨረሻው ላይ ሳብ አድርጎ «አቤት!» የሚላት ነገር ነበረችው፤ ሊጥ የሚጠብስበት ጉልት ከዳር እስከ ዳር ይሰማታል፣ እኛ የሰፈሩ ልጆችም ያቺን ለመስማት ብቻ ያለ ምክንያት እንጠራው ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የላፍቶ ሴቶች እርጎና የበቆሎ እሸት፣ የፉሪዎቹ ጎመን ይዘው ይደርሳሉ፤ ኩራዝ በየጉልቱ ይለኮሳል፣ እሸቱ ፍም ላይ ይንጣጣል፣ ቅቅል ድንች ሚጥሚጣ ተነስንሶበት እያቃጠለን በሁለት እጃችን እናገላብጠዋለን። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጋሽ ቻይና ምጣድ ነበር። ሁለት ቀጫጭን ሊጥ አጣብቆ ይስብና ዘይት ውስጥ ይለቀዋል፣ ሊጡ ተነፋፍቶ ክንድ ያህላል፣ እሱም «መንታ» ይለዋል። በአንድ እጁ በያዛቸው ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ሲያገላብጠው አይተን፣ ቤት ገብተን ሽሮ በሁለት እርሳስ ልንበላ ሞክረን በኩርኩም ተመልሰናል። ከጉልቱ ወደ ላፍቶ የምትወርደዋ ቀጭን መንገድም በእሱ የተነሳ «የቻይና መስመር» ተባለች። እኔማ ትምህርት ቤት ቻይና የት እንደምትገኝ ስጠየቅ «ከገብርኤል ዝቅ ብሎ» ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገድያለሁ።

ሳቃችን የቆመው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ጊዜው መንግሥት ከሶቪየት ጋር ተቃቅፎ ከቻይና የተኳረፈበት ነበር፤ እኛ ይህን ከየት እንወቅ። እሑድ ጠዋት ነው፤ መቅረት ስለማይቻል እናቴ እኔንም ይዛኝ ሄዳ ነበር። ከሌላ ቦታ የተላከ ወጣት ካድሬ ስለ ጠላት ብዙ ከተናገረ በኋላ፣ በመካከላችሁ የቻይናን መስመር የሚከተል ካለ ዛሬውኑ ይጋለጥ አለ። የላፍቶው ገበሬ ኦቦ ቱሉ፣ ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጣልን ደግ ሽማግሌ፣ ጥያቄው መንገድ የሚመለከት መስሎት ብድግ አለ።

«እኛማ ሁላችንም ማታ ማታ የቻይናን መስመር ነው የምንከተል፣ ጌታዬ። ወደ ቤት ሌላ መንገድ የለንም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው አልሳቀም። «ቻይና ማነው?» ሲል፣ ከኋላ ያቺ የለመድናት ድምፅ፣ ሳብ ብላ፣ «አቤት!» አለች።

ጋሽ ተሰማ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው። ስሙ ለምን እንደወጣለት ሲጠየቅ፣ ውሸት አያውቅምና «አብሬያቸው ሠርቼ ነው፣ ጓድ» አለ። ኦቦ ቱሉ «ኧረ ጌታዬ፣ ሊጥ ነው የሚጠብሰው!» ብሎ ሊያስረዳ ቢነሳ ተቆጥተው አስቀመጡት። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ መንታ የበላ ነው፣ ብዙዎቹም ስሙን አብረው ያወጡለት ናቸው፤ አንድም ሌላ አፍ አልተከፈተም። የእናቴም አልተከፈተም፤ እጄን ግን እስኪያመኝ ጨብጣ ይዛው ነበር። ፈርተው ነው፣ ይገባኛል። ቢገባኝም አልረሳሁላቸውም።

ጋሽ ተሰማን ከአዳራሹ ወስደው አሰሩት። እትዬ ዘነቡ ስንቅ ታመላልስለት ነበር፤ ይቅመሳት እያለች ከምግቡ ጋር መንታ ጠብሳ ትወስዳለች። አንድ ቀን በረኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በዚያ ዘመን የዚህን ቃል ትርጉም ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ማልቀስ ክልክል ስለነበር ድንኳን አልተጣለም፤ ምጣዱን ጓሮ ደፋችው፣ ዝናብ አዛገው። ኦቦ ቱሉ በዚያች መንገድ ዳግመኛ አልሄደም፤ እስኪሞት ድረስ ወተቱን ተሸክሞ በፉሪ በኩል ይዞር ነበር። «ቻይና» የሚለው ቃልም ከሰፈሩ አፍ ጠፋ፤ መንገዲቱን «ያቺ ታችኛዋ» ይሏት ጀመር።

አሁን መንገዲቱ ሰፍታለች፣ አስፋልት ናት፣ ስሟም ተመልሷል። የምግብ ቤቱን ዘበኛ ለምን ቻይና መስመር እንደተባለች ጠይቄው፣ «እናቴ፣ ቻይኖቹ ስለመጡ ነዋ!» አለኝ። ሰውዬው የሞተበትን ስም እንኳ ለሌላ ሰጡበት።

ማታ ማታ የታክሲው ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቻይና! ቻይና!» እያለ ይጣራል። ሰው እየተጋፋ ይገባል፤ አቤት የሚል ግን የለም።