የዕድሩ መኪና የጭቃ ፈተና

ከጌጃ ሰፈር መነሳት

ክረምት ላይ ወደ አገር ቤት የሚወጣ ሰው ሠርግ ወይም ለቅሶ ይኖረዋል። እኔና ሾፌራችን ሸምሱ ግን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከልደታ የተነሳነው ጭቃ ፍለጋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጌጃ ሰፈር ዕድራችን አንዲት አሮጌ ሃርድቶፕ አለችው። አስከሬን ወደ ትውልድ ቦታው ስንሸኝ ሳጥኑ ከኋላ መሃል ላይ ይጋደማል፤ ሸኚዎቹ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ክረምት አንድ አባላችንን ወደ ጉራጌ ደጋ ስንወስድ ጭቃ ዋጠን። አንዱ የኋላ ጎማ በባዶ ሲሽከረከር ሌላው ንቅንቅ አላለም። አስከሬኑን በትከሻ ተሸክመን ስንደርስ ቀባሪው ዝናብ ሲመታው ውሎ ሊበተን ተቃርቦ ነበር። ዘመዶቹ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ እኔ ግን ያን ዕለት አፈርኩ፣ እስካሁንም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

መፍትሔው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስር መቆለፊያ ነው። ዲፍረንሻሉ ውስጥ፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች በሚያከፋፍለው ጥርስ ላይ፣ ይገጠማል፤ ጭቃ ሲመጣ ይቆለፋል፣ ጭቃው ሲያልፍ ይለቀቃል። ኮሚቴው ፊት ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው በንፋስ የሚሠራ አዲስ ሲሆን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ ይለቃል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ሁለተኛው ከተጋጨች መኪና የተፈታ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ያገለገለ ዕቃ ነው። ሦስተኛውን ያመጡት የዕድራችን ዳኛ ጋሽ በርጋ ናቸው፤ ዲፍረንሻሉን አስበይዶ አንዴ ቆልፎ መገላገል።

«ብየዳ ርካሽ ነው። የሚበላሽ ነገርም የለው» አሉ።

መካኒኩ ያገለገለውን ገጥሞ ለሙከራ ሰጠን፤ ካልተስማማን ሊመልሰው። ከሸምሱ ጋር ሄዶ አይቶ የሚመሰክር የኮሚቴ ሰው ሲፈለግ ጋሽ በርጋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሀብቴ ይሂድ።»

«ጋሽ በርጋ፣ እኔ እኮ መኪና እፈራለሁ።»

«ለዚህ ነው የምትሄደው። ደፋር ብንልክ ሁሉም ጥሩ ነው ብሎ ይመጣል።»

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስፌት መኪናዬ የፈጠነ ነገር አልወድም።

ከአየር ጤና እስከ ወልቂጤ

ካፊያው ከአየር ጤና ጀምሮ አልተለየንም። ተፍኪ ስንደርስ ሜዳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበታል፤ ከብቶች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ይግጣሉ። ቱሉ ቦሎን አልፈን ወሊሶ ላይ ለቁርስ ቆምን። ሸምሱ ጥብስ ፍርፍር አዘዘ፣ እኔ ሻይ ያዝኩ።

«ይብሉ እንጂ ጋሽ ሀብቴ። በባዶ ሆድ መፍራት ያደክማል።»

ከልቡ ነው የሚስቅብኝ፤ አልተቀየምኩትም። እየበላ ዕቃውን አስረዳኝ። ማብሪያው ከማርሹ አጠገብ ነው፤ መቆለፉን የምትነግር ብርቱካናማ መብራት ደግሞ ከመሪው ፊት ለፊት አለች። እሱ ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሚሆን መብራቷን እኔ እንድጠብቅለት አደራ አለኝ።

«ምክንያቱም ተቆልፋ መታጠፍ አትወድም» አለ። «ስንታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መሄድ አለበት። ከታሰሩ ግን እኩል ነው የሚሄዱት። መሪ ቢጠመዝዙላትም ቀጥ ብዬ ልሂድ ትላለች።»

«ገደል ካለስ?»

«ቀድመን እንለቃታለና!»

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ያው ጭቃ

ከወልቂጤ በኋላ አስፋልቱን ትተን በኮረኮንቹ ወደ ደጋው ወጣን። ባለፈው ዓመት የዋጠን ቦታ ስንደርስ ወዲያው አወቅሁት። ያን ቀን ከጎማው ሥር የከተትነው የባሕር ዛፍ ግንድ አሁንም ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል። ሸምሱ ቆመ፣ ማብሪያውን አዞረ፣ መብራቷ ጥቂት ብልጭ ድርግም ብላ በራች። ከዚያ መኪናዋ አጓራችና ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ጭቃውን ነክሰው አወጡን።

«አላህ ይመስገን! አዩ አይደል? ባለፈው ዓመት ይቺ ብትኖረን!»

አይቻለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ከጭቃው ከወጣን በኋላ ማብሪያውን መልሶ ቢያዞርም መብራቷ አልጠፋችም። ጥቂት ሄደን፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ ካወዛወዘ በኋላ ነው ድርግም ያለችው።

«አሮጌ ስለሆነች ትንሽ ታስባለች» አለኝ።

ማሰቧን አልወደድኩትም።

ጀፎረው ላይ

ባለፈው ዓመት አባላችንን የቀበርንበት መንደር ስንገባ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። መሃል ለመሃል የሚያልፈው ጀፎረ፣ ያ ሣር የለበሰው ሰፊ የመንደር ጎዳና፣ ታጥቦ ያበራል። መኪናዋን ለማዞር ፍጥነት ስንቀንስ እንሰት ተሸክማ የምትመጣ አንዲት ሴት አየችን። ሸክሟን ጥላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ወዲያው ከየአጥሩ ሌሎች ወጡ፤ ጀፎረው በዋይታ ተሞላ።

መኪናዋ ጎን ላይ የዕድሩ ስም በትልቁ ተጽፏል። አዲስ አበባ ካሉ ልጆቻቸው የአንዱን አስከሬን ይዘን የመጣን መስሏቸዋል። ስልክ ደውለን «ለሙከራ እንመጣለን» ማለት ሁለታችንም ትዝ አላለንም። ዘልዬ ወረድኩ።

«ማንም አልሞተም! በእግዚአብሔር፣ ማንም አልሞተም! መኪናዋን ልንሞክር ነው!»

«ልትሞክሩ? በማን?» አሉኝ አንዲት አሮጊት።

የኋላውን በር ከፍቼ ባዶነቱን እስካሳያቸው ድረስ አላመኑኝም። ልቅሶው ሲበርድ ግን ከመካከላቸው አንድ ሰውዬ «ባዶ ከሆነች ሳህሌን አድርሱልን» አለ።

ሳህሌ ጠዋት ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ዞሮ የወደቀበት ገበሬ ነው። በቃሬዛ ሊያወርዱት ሞክረው ቁልቁለቱ ስላዳለጣቸው ተመልሰዋል። ሄጄ አየሁት። እግሩ ጉልበቱ ላይ አብጦ ከዚያ በታች ገርጥቷል፣ ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ያ እግር ዛሬ ሆስፒታል ካልደረሰ እንደማይተርፍ ግን ገባኝ።

ሚስቱ አልማዝ መኪናዋን ስታይ ደጁ ላይ ቆመች።

«ባሌን በሬሳ መኪና? የተሰበረው እግሩ ነው እንጂ እሱ አልሞተም!»

«ተዪ አልማዝ» አለ ሳህሌ ጥርሱን ነክሶ። «እሄዳለሁ። ግን አልጋደምም። እዚህ ውስጥ የሚጋደመው የሞተ ነው። ተቀምጬ ነው የምሄደው።»

ብንለምነው አሻፈረኝ አለ። አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ በሁለት እንጨት የታሰረውን እግሩን ወደ ፊት ለፊቱ ወንበር ዘርግተን መሃል ላይ ጆንያ ደገፍንበት። አልማዝ ከጎኑ ሆና ወገቡን ያዘች።

መታጠፊያው

ዝናቡ የጠነከረው ከመንደሩ ስንወጣ ነው። ቀይ አፈሩ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አንዷን አጭር ዳገት ለመውጣት ሸምሱ ቆለፈ፤ ወጣን። ከዳገቷ ጫፍ መንገዱ ወዲያውኑ ወደ ግራ ይታጠፍና ቁልቁል ይወርዳል። በቀኝ ገደል ነው፤ ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል።

ሸምሱ ማብሪያውን መለሰ። መብራቷን አየሁ።

«አልጠፋችም» አልኩት።

«ትጠፋለች።»

«ሸምሱ፣ አልጠፋችም!»

መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። የፊት ጎማዎቹ ዞሩ፤ መኪናዋ ግን አልዞረችም። ከኋላ የሚገፋት ያለ ይመስል ቀስ ብላ፣ ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ሄደች። ፍሬን ያዘ፤ ተንሸራተተች፤ ቆመች። በመስኮቴ ቁልቁል ሳይ መሬት አልነበረም፤ የዛፎች አናት ነበር።

ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መውረድ አሰብኩ፣ ነገር ግን በእኔ በኩል ያለው በር የሚከፈተው ወደ ገደሉ ነው። ደግሞም መውረድ የሚችለው ጤነኛ እግር ያለው ነው። ሳህሌ ግንብ ላይ እንደተለጠፈ ሁሉ ጀርባውን ከመኪናዋ ጎን አጣብቆ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ምንም አይደል» አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

አልማዝ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ማለት ጀመረች። ሸምሱ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። ከወሊሶ ጀምሮ ሲስቅብኝ የነበረው ሰው ቀልዱን ሲተው ይበልጥ ፈራሁ።

«ጎማዎቹ ተወጣጥረው መቆለፊያዋን ይዘዋታል» አለ። «ወደ ኋላ ትንሽ ካልሄድኩ አትለቅም። ወደ ኋላ ደግሞ ሽቅብ ነው። ካዳለጠን…» አልጨረሰውም። «ጋሽ ሀብቴ፣ ዓይንዎን ከመብራቷ እንዳያነሱ። እንደጠፋች ይጩሁ።»

የኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ወደ ገደሉ ትንሽ ሰገግ አለች፤ ሳህሌ አቃሰተ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተሳበች። መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። መብራቷ በርታለች። እንደገና ትንሽ ወደ ኋላ። በርታለች። ከሥራችን አንድ ብረት ቀጭ ሲል ተሰማኝ።

«ጠፋች!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ ላለ ሰው እንደዚያ መጮኽ አያስፈልግም ነበር።

መሪውን ጠመዘዘ፤ አሁን ታዘዘች። ሸምሱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ። ሳህሌን ወልቂጤ ሆስፒታል አስገብተን መተላለፊያው ላይ ቆየን። በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ደሙ እየተመለሰ እንደሆነ፣ እግሩ እንደሚተርፍ ነገረን። አልማዝ እጃችንን ሳመች። ሸምሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ልደታ መመለስ

እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጭቃው ላይ የሆነውን ሸምሱ ሲናገር ሁሉም ደስ አላቸው። «እንግዲህ ከሠራች ምን እንፈልጋለን? ትቀመጥ» ተባለ። እኔ ተነስቼ ስለ መታጠፊያው ነገርኳቸው። በዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር መቆለፊያ ሲመረጥ አያያዙን ብቻ አይቶ መግዛት እንደማያዋጣ፣ አለቃቀቁንም መሞከር እንዳለበት ነው አልኩ። በንፋስ የሚሠራው ይገዛ አልኩ።

«ሀብቴ ድሮም ፈሪ ነህ» አለ አንዱ። «አስከሬን የምትጭን መኪና ናት። ለአስከሬን ይሄ ሁሉ ወጪ?»

ጥቂቶች ሳቁ። ሸምሱ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ በርጋ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሱ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልባቸውም የደከመ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«ከእናንተ መካከል በዚያች መኪና ቀድሜ የምጋደመው እኔ ነኝ» አሉ። «ለእኔ የተበየደውም ይበቃኛል፤ ገደል ብገባ ሁለተኛ አልሞትም። ግራና ቀኜ የምትቀመጡት ግን እናንተ ናችሁ። የሚለቀውን ግዙ።»

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።