ግማሽ ሰው

ባለፈው ክረምት የተጣላሁትን ሰው ሁሉ ልቁጠር ብል ጣቴ አይበቃኝም። ከሁሉም የከፋው ግን ከማሳ ጎረቤቴ ጋር የተጣላሁት ነው። ዛሬም ሰላምታችን አንገት ከመነቅነቅ አያልፍም።

ከሸጎሌ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ስድስት ሴቶች መሬት አለን። በማኅበር የተሰጠን ነው፤ ተሸንሽኖ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቁራሽ ደርሶናል። ሌሎቹ ጎመንም ካሮትም ይዘራሉ፤ እኔ ድንች ብቻ ነው የምተክለው። ሥራው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ሁላችንም ያንቺ ማሳ ላይ፣ ነገ ሁላችንም የእኔ ላይ። ማንም ለማንም አይከፍልም፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ቀኗን ያልሰጠች ሴት ቀን አታገኝም። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው፣ የምወደውም ለዚህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጠኝና ቀኝ እጄ ተሰበረ። በጀሶ ታሰርኩ። ድንቼ ደግሞ የሚኮተኮትበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ድንች በጊዜው አፈር ካልተቆለለበት ዝናቡ ያራቁተዋል፤ ፀሐይ ያየው አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፣ ለሰው አይሆንም። ማሳዋን ያላለማች ደግሞ ለሌላ ትለቃለች፤ ያንን መሬት የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ በእኔ ፋንታ የልጅ ልጄን ላክሁ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ጳውሎስ አካባቢ ካፌ ስለምትሠራ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ትምህርት ተዘግቷል፤ እሷ ያሰበችው ክረምቱን ስልኳን አቅፋ ተጋድማ ልትከርም ነበር።

«እማማ፣ እኔ እኮ ገበሬ አይደለሁም» አለችኝ።

«ድንቹን ስትበዪስ ማን ነበርሽ?»

«የበላ ሁሉ ይቆፍራል እንዴ?»

«እኔ ቤት ይቆፍራል።»

የእኔን ቦት ጫማ ጨርቅ ጠቅጥቃበት አጠለቀች። ፊቷ ጠቁሯል። እኔም አላባበልኳትም። ከበር ሳትወጣ ስለ አረም የማውቀውን ሁለት ሦስት ነገር ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ ስልኳን እያየች «እሺ፣ እሺ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ጎረቤቴ ማሳ ላይ ነበር። የወንፈሉን ተራ የምታወጣውም እሷው ናት። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ልጅቷ እንዴት እንደዋለች ልይ ብዬ ስወርድ ጩኸቱ መንገድ ላይ ተቀበለኝ። አንድ መደብ ሙሉ ካሮት ተነቅሎ ተኝቷል፤ ሥሩ ገና ክር ያክላል። አረሙ ግን በወጉ ቆሟል፣ የተተከለ ይመስላል። የልጅ ልጄ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መደቡ አጠገብ ቆማለች።

«ይምጡ እትዬ፣ ጉድዎን ይዩ!» አለች ጎረቤቴ ገና ከሩቅ። «የላኩልኝ ሰው ነው ወይስ ፍየል?»

«ኧረ ፍየልስ ትንሽ ታስቀራለች» አለች ሌላዋ። ሁሉም ሳቁ።

«ማን አሳያት?» አልኩ። «አስፋልት ላይ ያደገች ልጅ ካሮትን ከአረም በምን ትለየዋለች? አምስት ትልልቅ ሴት አጠገቧ ተጎንብሶ፣ አንዷ ቀና ብላ ‹ተይ› አትላትም?»

«እኛ ሥራ ላይ ነን፤ ሞግዚት አይደለንም። ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ቀን ግማሽ ነው። ሁለት ቀን ስትሠራ አንድ እንይዝላታለን።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። አምስቱ ሴቶች ማሳዬ ላይ እንዲወጡልኝ ልጅቷ አምስት ቀን መሥራት ነበረባት። በግማሽ ከሆነ አሥር ቀን ይሆናል፤ እስከዚያ ድንቼ አልቆለታል።

«ግማሽ ሰው አይቼ አላውቅም» አልኳት። «ዳቦ ግማሽ ይሆናል። ይቺ ልጅ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ገብታ ይኸው እስካሁን ቆማለች። ግማሹ የቱ ጋ ነው? ወገቧ ነው? እግሯ ነው?»

«ጭንቅላቷ ነው» አለች።

በደህናው እጄ የጭቃ ጓል አነሳሁ። አልዋሽም፣ አንስቻለሁ። የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

ዳገቱን ስንወጣ ስድስተኛዋን እኔን ትቼ አምስቱንም በየተራ ሰደብኳቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ።

«አንቺስ አፍ የለሽም? ‹ማንም አላሳየኝም› ብትያቸው ምን ነበረበት?»

ቆመች። «አሳይተውኛል እኮ።»

«ማን?»

«እርስዎ። ጠዋት በር ላይ። ‹ቅጠሉ እንደ ክር የተሰነጣጠቀውን ካየሽ እንዳትምሪው› አሉኝ። አልማርኩትም።»

እውነቷን ነው። ድንቼ መሃል የሚያስቸግረኝ አረም ቅጠሉ እንደዚያ ነው፤ የካሮትም ቅጠል እንደዚያው ነው። የምትሄደው ወደ ሌላ ሰው ማሳ መሆኑን እያወቅሁ የነገርኳት ስለ ራሴ ማሳ ነበር።

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ እንደዚያ እየጮሁልኝ?» ከቦቱ ላይ ጭቃውን በእንጨት ፋቀች። «ደግሞ ለእኔ አልነበረም የሚጮሁት። ለድንችዎ ነው።»

ይህን አፍ ከየት አመጣሽው ብዬ ልቆጣ ነበር። ከየት እንዳመጣችው ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተውኩት።

በማግስቱ አብሬያት ወረድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በዳቦ ሰልፍም በቀበሌም «ፍርድ ጎደለ» እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያጎደለው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ሴቶቹ ባሕር ዛፉ ሥር መቆፈሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሳልቀመጥ ወደ ጎረቤቴ ዞሬ ተናገርኩ።

«ልጅቷን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት በተሳሳተ ምክር የላክኋት እኔ ነኝ። መቀነስ ካማረሽ ከእኔ ቀን ቀንሺ፤ የእሷ ቀን ሙሉ ነው።»

ጎረቤቴ ጀሶዬን አየችው። «የእርስዎ ቀን የታለና? ከምኑ ልቀንስ?»

ሳቁብኝ። ልመልስላት ስል የልጅ ልጄ ቀደመችኝ።

«መደቡን እኔ መልሼ እዘራዋለሁ» አለች። «ወንፈል በሌለበት ቀን። እሳቸው ናቸው ያሳሳቱኝ፣ የነቀለው ግን የኔ እጅ ነው። ቀኔ ግን ሙሉ ይያዝልኝ። ካልተያዘ አሁኑኑ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ድንቹም ይበስብስ።»

«ድንቹም ይበስብስ?» አልኩ።

«አዎ፣ ይበስብስ።»

ማን ፈቀደላት? የእኔን ድንች! አንዳቸውም ግን እኔን አላዩም፤ ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት።

«ዘሩንስ?» አለች ጎረቤቴ።

«ዘሩን እማማ ከአዲሱ ገበያ ያመጣሉ።»

«ሙሉ ቀን ከተባለ እንደ ሙሉ ሰው ነው የምትሠሪው። ስልክ ላይ መጎለት የለም።»

«ትናንት ሁለት ጊዜ ስልክ ያወሩት እርስዎ ነዎት። የኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

አሁን የተሳቀው በጎረቤቴ ነው። መቆፈሪያዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና «የአያትሽ ቢጤ!» አለቻት። ስድብ አድርጋ ነው ያለችው። «በይ ግቢ፣ ሙሉ ነው።»

ልጅቷ አምስቱንም ቀን ሠራች፤ መደቡንም ዘራች። መዳፏ ተልጦ ቅቤ ልቀባልሽ ስላት «ይተዉት፣ ይደድር» አለችኝ። በስድስተኛው የወንፈል ቀን አምስቱም ሴቶች እኔ ማሳ ላይ ወጡ። ጎረቤቴ ቀና ብላ ሳታየኝ ኮተኮተች። እንከን ፍለጋ ከኋላዋ እየተከተልኩ ብሄድም አላገኘሁባትም፤ ሥራዋ ንጹሕ ነው። ይህም አበሸቀኝ። ወደ ልጅቷ መስመር ዞርኩ።

«እዚያ ጋ አፈሩ አንሷል» አልኳት።

ቀና አላለችም።

«ሰማሽ? አንሷል። ከሥር አድርገሽ ሳቢው እንጂ!»

በወንፈል ሥራውን የምታዘው ቀኑን በጉልበቷ ሠርታ ያገኘችው ሴት ናት፤ ማሳው የማንም ይሁን። ይህን ደንብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስንቷን ሴት በዚሁ አፏን አስይዣለሁ። የልጅ ልጄ መቆፈሪያዋን አቁማ ተደገፈችበት።

«እማማ፣ ይህን ቀን ሠርቼ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ወይ ይቀመጡ ወይ ቤት ይግቡ።»

አምስቱም ሴቶች ሥራቸውን አቁመው አፌን ጠበቁ። ጎረቤቴ ፈገግ ብላለች።

ድንበሩ ላይ ካለው ድንጋይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ደስ አላለኝም። እስከ ማታ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ዋልኩ።