ጣዎስ ያተምኩበት ኩታ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት እኔን ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ትራስ አልጎደለበትም፤ በብርዱ ምክንያት ከሰው ይልቅ ትራስና ብርድ ልብስ ይበዛበታል። እኔ ግን በስልኬ አንዲት ፈረንጅ የአያቷን የጠረጴዛ ልብስ ቆርጣ፣ ቅርጽ አትማበት፣ የሶፋ ትራስ ስትሰፋ አየሁ። ስትጨርስ በጥፊ መትታ መሐሉን ሰርጎድ አደረገችው። ያን ጊዜ አሮጌ ጨርቅ አማረኝ። አሮጌ ማለት ስለሚያሳፍር መሥሪያ ቤት «ቪንቴጅ» እያልኩ አወራሁ።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ በዚያ ሳምንት ለደብሯ ንግሥ አንኮበር ወርዳ ነበር። ሳጥኗን ከፈትኩ። ከሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጥለት የሌለው ወፍራም ኩታ አገኘሁ፤ ነጩ ወደ ቢጫ ሄዷል። ለብሳው አይቼ አላውቅም። የማይለበስ ልብስ ለምን እንደተሠራ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ የጠየቅሁት መቀሱ የት እንዳለ ነው። ከመሐሉ ቆረጥኩት።

ለማተሚያው ጠንካራ ፕላስቲክ ያስፈልጋል ተብሏል። የእናቴ የጉልበት ራጅ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ በምላጭ የጣዎስ ቅርጽ ፈለፈልኩበት። ቀለሙ ከውጭው በር የተረፈ አረንጓዴ ነው። በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ሳደርገው በራጁ ሥር ሰርጎ ገባና ጣዎሴ ዝናብ የደበደባት ዶሮ ሆና ወጣች። ቢሆንም ሰፋሁት፣ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት፣ በጥፊም መታሁት። ጎረቤቴ አይታ «ዶሮዋ ስታምር!» አለችኝ። አመሰገንኳት።

እናቴ ስትመለስ የጠበል ጀሪካኗን አስቀምጣ ሶፋው ላይ አረፍ አለች። ትራሱን አነሳች። ዶሮዋን ከቁም ነገር አልቆጠረችም፤ ጨርቁን ግን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄ የኔ ፈትል ነው።»

«አዎ እማዬ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ አገኘሁት።»

«መግነዣዬ ነው። እኔን ሲጠብቅ ነው የተቀመጠው።»

የአገራችን አሮጊቶች የሚገነዙበትን በቁማቸው እንደሚያዘጋጁ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ አያቴ ስትሞት ሳጥኗ ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ። እያወቅሁ መርሳቴ ነው ያሳፈረኝ። ገበያ ሄጄ አዲስ ልገዛላት እንደምችል ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«ሰው የፈተለውንማ ዕድሜዬን ሙሉ ለበስኩ። የምሄድበትን እንኳ በእጄ ፈትዬ ነበር፤ እንግዲህ ዓይኔ ክር አያይም።» ከዚያ የተፈለፈለውን ራጅ ጠረጴዛው ላይ አየችው። «ጉልበቴንም አልተውሽልኝ!»

አለቀስኩ። እሷ ግን ለቅሶ አልጠየቀችም፤ እንዝርቷን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

«በይ አንቺ ፍተዪው።»

ይኸው ከሥራ ስመለስ እፈትላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ክሬ አንዱ ጋ ገመድ፣ ሌላው ጋ የሸረሪት ድር ነበር። እናቴ ያቺን ዶሮ ተደግፋ በጣቷ እየዳሰሰች ትቆጣጠረኛለች። «ይሄ ሳያልቅ እንዴት ብዬ ነው የምሞተው?» ትላለች፤ በጣም ታዝናለች፣ ወይም ያዘነች ትመስላለች።

አሁን አሁን እጄ ለምዷል፤ ክሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። «እሺ፣ ዛሬስ ቀናልሽ?» ስትለኝ በጣቴ እበጥሰዋለሁ።

«ተበጠሰብኝ፣ እማዬ።»