የአያ ደስታው ጊታርና የናይለን ክር

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ከአናጢ ሱቅ ውስጥ ነበር። አናጢው የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደስታው ናቸው፤ ሱቃቸው የከተማችን ገበያ አራዳ ውስጥ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደ አንድ ጊታር ነበራቸው፤ ከስድስቱ የብረት ክር አንዱን ፈትተው በአምስቱ እንደ ክራር ቃኝተውታል። አመሻሽ ላይ ሥራ ሲያበቁ የጽድ ፍቅፋቂ ከማንደጃው ይጨምራሉ፤ ጭሱ ወጥቶ ፍሙ ሲቀላ ፋኖሱን ከመጋዙ አጠገብ ሰቅለው ይጀምራሉ። በእሳቸው ተረት ውስጥ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ክር አለው። ጅብ ሲመጣ ወፍራሙ ያጉረመርማል፣ ጦጣ ስትዘል ቀጭኑ ይንጫጫል። ያኔ እኛ የሰፈሩ ልጆች ዓይናችንን ከጣታቸው ላይ አንነቅልም ነበር።

ቀኑን ሙሉ መላጊያ ሲገፋ በዋለ እጅ የብረት ክር መምታት ግን ቀላል አይደለም። አንድ ክረምት የጣቶቻቸው ጫፍ ተሰነጣጥቆ ይደማ ጀመር፤ ተረቱን መሀል ላይ አቁመው በጨርቅ ይጠቀልሉታል።

«ምነው አያ፣ ይኼን ብረት ቢተዉትስ? ተረቱን በአፍዎ ብቻ ቢያወሩት ምን አለ?» አለቻቸው እናቴ።

«ያለሱ አፌ አይፈታም» አሉ። «እንግዲህ ካልሆነ ተረቱም ይቅራ።»

ዐሥር ዓመቴ ነበር። ተረቱ ከቀረ ማታ የሚባለው ነገር ለምን ይመጣል ብዬ ከልቤ አዘንኩ። በማግስቱ ከሐይቁ ዳር ከጎርጎራ ዓሣ እያመጣ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄጄ፣ መረብ የሚጠግንበትን የናይለን ክር ለመንኩት። ለስላሳ ነው፣ ጣት አይቆርጥም። ጊታሩን ለመንካት ስላልደፈርኩ አስቀድሜ የራሴን ሠራሁ፤ የዘይት ቆርቆሮ አፍ ላይ ቆዳ ወጠርኩ፣ ለእጀታው ከአያ ሱቅ የጣውላ ቁራጭ አነሣሁ፤ ሰረቅሁ ማለት ይሻላል።

ናይለኑ ግን አመለኛ ነው። ወጥሬው ዞር ስል ይላላል። በእኛ አገር ክራር የያዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክረምት ላይ ከበግ አንጀት የሚሠራው ጅማት ሲርስ ይላላል፤ ከእሳት አጠገብ ሞቅ ሲደረግ ደግሞ ይጠብቃል። እኔም ቆርቆሮዬን አቅፌ ከፍሙ አስጠጋሁት። ክሩ ተኮማተረ፣ ከረፋኝ፣ ከዚያም ተበጥሶ ጉንጬን ገረፈኝ።

አያ ደስታው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ ከበግ ሆድ አልወጣም!»

ሲስቁ ቆይተው ግን ቆርቆሮዬን ተቀብለው ሌላ የናይለን ክር ወጠሩበትና በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ክሩ እንዳይላላ ከሱቁ ምሰሶ ላይ አስረን፣ ከታች ድንጋይ አንጠልጥለንበት ሦስት ቀን ተወነው። ቋጠሮው ከጊታሩ ቀዳዳ እያመለጠ ሲያስቸግረን፣ አያ ትንሽ የጽድ ስንጣሪ ከቋጠሮው ውስጥ ሸጎጡበትና ያዘ። በአራተኛው ማታ አምስቱም ክር ናይለን ነበር።

ድምፁ ለስለስ ብሎ ወጣ። እናቴ «ሸጋ ነው፣ አያ!» አለች። እኔ በኩራት ላብድ ደርሼ ነበር። አያ ግን ቆም አሉ። ወፍራሙን ደግመው መቱት፤ ከዚያም በኃይል መቱት። ፊታችንን አንድ በአንድ አዩት። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በዝግታ፣

«መታሁት እንዴ?» አሉኝ።

ልጆቹ የተረቱ ክፍል መስሏቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የአያ ጆሮ እየከዳቸው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ብረቱን እንደዚያ እየመቱ ጣታቸውን ያደሙት ለእኛ ብለው ብቻ አልነበረም፤ ራሳቸውም ሊሰሙት ነበር። ጣታቸውን አድናለሁ ብዬ የቀራቸውን ድምፅ ወሰድኩባቸው። 

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። «መስማት ያቃተው ሰው ያወራል ተብሎ ማን ይመጣል?»

እንደገና ፈታን፣ እንደገና አሰርን። ሦስቱን ወፍራሞች ወደ ብረት መለስናቸው፤ እነሱን ይሰሙ ነበር። ብዙ የሚመቱትን ሁለቱን ቀጭኖች፣ ለጣታቸው ስንል ናይለን አደረግናቸው። እነዚህን አይሰሙም፤ ስለዚህ ጆሯቸው እኔ ሆንኩ። ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ ናይለኑ ተረቱ መሀል ላላ ሲል ጉልበታቸውን በጣቴ ጫን አደርጋለሁ፣ እሳቸውም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ መቃኛውን ያዞራሉ፣ ልክ ሲሆን ጣቴን አነሣለሁ። አራት ክረምት እንዲህ አለፈ። እናቴ እንኳ አላወቀችም። ሱቁ አንድም ቀን ልጅ ጎድሎበት አያውቅም።

አሁን የልጅ ልጆቼ «አያ ደስታው የነገሩሽን ንገሪን» ይሉኛል። እጀምርላቸውና መሀል መንገድ ላይ እቀራለሁ። ያኔ አብረውኝ የነበሩት ልጆች፣ ዛሬ ሸምግለውም፣ ተረቱን ከነመጨረሻው ያወርዱታል። እኔ ከሁሉም ይልቅ ቀርቤ ተቀምጬ፣ የአንዱንም መጨረሻ አላውቅም። እነሱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሲጠብቁ፣ እኔ ክሩን ነበር የምሰማው።