የኅዳር ሰማይና የአባቴ ዓይን

ባለፈው ሳምንት ቤቴን ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ከውጭ አገር የመጣ መጽሔት ገልጦ አንድ ሥዕል አሳየኝ። «ይህ፣ እማማ፣ አንድ ኮከብ አይደለም፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት ናቸው። ፈረንጆቹ ጋላክሲ ይሉታል። ጨለማ ሲሆን በባዶ ዓይን ይታያል አሉ» አለኝ። በየት በኩል እንደሚገኝ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ቀድሜው ቦታውን ነገርኩት። ማንበብ እንደማልችል ስለሚያውቅ ግራ ገብቶት አየኝ።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ገና እንጦጦ ላይ ሳሉ፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም አዲስ ሳለ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ አልነበረም፤ ጥዱም ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አልቆ፣ እንጨት ፍለጋ ግማሽ ቀን እንሄድ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ የበዓላቱንና የጨረቃውን ሒሳብ ይቀምራሉ።

አባቴ በልጅነታቸው፣ ተርታ ከቆሙ ሦስት ከዋክብት አጠገብ፣ ነፋስ የማይበትናት ትንሽ ደመና ያዩ ነበር። በዚያ ዓመት ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሄደ። አንድ ቀን ስለ ደመናዋ ሲያወሩ አንድ ደብተራ፣ «መሪጌታ፣ እንግዲያው ዓይንዎ ከድሮም ጤና አልነበረውም። ሰማይ ላይ ያዩት ሞራውን ነው» አላቸው። ሰዉ ሳቀ፤ አባቴም አብረው ሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን እራት አልበሉም።

«እውነቱን ይሆናል» አሉ። «በዓይኔ አየሁ ያልኩት ውሸት ከሆነ፣ በዚህ ዓይን አንብቤ ያስተማርኩትስ?» ወሩ ኅዳር ነበር፤ ታኅሣሥ ሲገባ ማስተማሩን ትተው ደብረ ሊባኖስ ገብተው ሊመንኑ ቆረጡ።

እኔም ቆረጥኩ። «እኔ ልይልዎት» አልኳቸው። «መቼ እንደምትታይ እርስዎ ይንገሩኝ፤ የት ሆኜ እንደማያት እኔ እፈልጋለሁ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «በኅዳር፣ ከእራት በኋላ፣ ከፍ ትላለች። ጨረቃ ሳትመጣብሽ አምስት ምሽት አለሽ። ከሦስቱ ከዋክብት መካከለኛውን ያዢ፤ ከእሱ ወደ ሰሜን ሁለት ትንንሽ ኮከቦች ቁጠሪ፤ ከሁለተኛዋ ጎን ናት።»

በመጀመሪያው ምሽት ከራጉኤል ጀርባ ወጣሁ። የሰፈሩ እሳትና ጢስ ሰማዩን ሸፍኖት ትንንሾቹ ኮከቦች እንኳ አልታዩም። ስመለስ አባቴ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

«አየሻት?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አላየሁም» አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሁለት ምሽት ደመና ሆነ። በአራተኛው ቀን ጧት፣ ከየካ ቅቤ የምታመጣልን እትዬ ጫልቱ መጣች፤ ጉዳዩን ነገርኳት። «የእናንተ ጢስ ወደ ምዕራብ ነው የሚነፍሰው፤ በእኛ በኩል ሰማዩ ንጹሕ ነው» አለች። «ጉሙ ግን ዝቅ ብሎ ይተኛል። ከቤቴ በላይ ካለው አለት እንወጣለን፤ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ።»

አባቴ ጅቡን ፈርተው፣ «ይቅርብሽ» አሉ።

«አይቀርም። ሁለት ምሽት ነው የቀረኝ» አልኳቸው። እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከጫልቱ ጋር ጉብታ ጉብታውን ይዘን ወረድን። ጭቃው የከብት ኮቴ እንደያዘ ደርቋል፤ ገብሱ እየታጨደ ነበር። ማታ ቤቷ ጭኮ አበላችኝና ሁለት ውሾቿን አስከትለን አለቱ ላይ ወጣን። ጉሙ ከእግራችን በታች ቀረ።

መካከለኛውን ኮከብ ያዝኩ፤ ሁለቱን ቆጠርኩ። ምንም የለም። ብርዱ እንባዬን እስኪያወርደው አፈጠጥኩ። ደብተራው እውነቱን ሊሆን ነው አልኩ በልቤ። በዚህ መካከል አንዱ ውሻ ጮኸና ዘወር ስል፣ በዓይኔ ጠርዝ በኩል አንዲት ነገር ነጣች። መልሼ ሳፈጥባት ጠፋች፤ ገለል ስል መጣች።

ጫልቱን ምን እንደምፈልግ ሳልነግራት ቦታውን ብቻ አሳየኋት። ብዙ ቆይታ አየች። «ብርድ ላይ ከአፍ እንደሚወጣ እስትንፋስ ያለ ነገር አለ» አለች።

ጧት እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። «ከሁለተኛዋ ኮከብ በስተ ምዕራብ ናት» አልኳቸው ለአባቴ። «ሞላላ ናት። ቀጥ ብለው ሲያዩዋት ትሸሻለች፤ ገለል ሲሉ ትመጣለች።»

አባቴ ቀስ ብለው፣ «መሸሿን አልነገርኩሽም» አሉ። «ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ተነሥተው ጥምጥማቸውን በዳበሳ ጠመጠሙና፣ «ተማሪዎቹ መጥተዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ደብረ ሊባኖስ አልሄዱም። ዓይናቸው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላም ብዙ ዓመት አስተማሩ።

መምህሩ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «እርስዎም ከዋክብት ይወዱ ነበር ማለት ነው» አለኝ። አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ሰማይ ለማየት ብዬ ወጥቼ አላውቅም። ባል አግብቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌአለሁ፣ አባቴንም ቀብሬአለሁ። ሙሉ ሰው የሆንኩት መቼ ነው ብባል ግን፣ አንድ ሰው የእኔን ቃል አምኖ ወደ ሥራው ሲወጣ በር ላይ ቆሜ ያየሁበትን ያንን ጧት እጠራለሁ።